ለቤጎንያ ጥላ የሆነው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዛፎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ፀሐይ መሬቱን ሳትነካው ውላ በምትገባበት ጫካ ውስጥ፣ ቢጮህ የሚመልስለት ያጣ አንድ ጅብ ይኖር ነበር።

ስሙ እንደ ጅብ ሁሉ አያ ጅቦ ነው። ጅብ ሆዳም መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ አያ ጅቦ ግን ሆዳሞቹ ራሳቸው ሆዳም የሚሉት ዓይነት ነበር። ጭንቅላቱም ቢሆን ያን ያህል የሚያስመካ አልነበረም። ወንዝ ሊሻገር ሲል ውሃው ውስጥ ሌላ ጅብ ካየ፣ «ግድ የለም፣ አንተ ቅደም» ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ፀሐይ ገብታ ያ ጅብ ከውሃው ሲጠፋ «በመጨረሻ ተሻገረ» ይልና ይሻገራል።

የዚያ ጫካ ጅቦች አንድ ሕግ ነበራቸው። ሥጋ ያገኘ ጅብ ጥርሱን ከማሳረፉ በፊት ይጮሃል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ይመጣል። ያረጀውም፣ ያነከሰውም፣ የምታጠባውም ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አብረው ይበላሉ። በጫካው ጥግ ደግሞ ነጋዴዎች የሚያልፉበት መንገድ አለ። ሰዎቹ የጋማ ከብታቸው ጉልበቱ ሲያልቅባቸው ጭነቱን አራግፈው፣ እሱን እዚያው መንገድ ዳር ጥለውት ይሄዳሉ።

ክፉ ረሃብ በነበረበት ሰሞን አያ ጅቦ በማለዳ በዚያ መንገድ ሲያልፍ አንዲት ሞታ የወደቀች በቅሎ አገኘ። ሊጮህ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉንም ከፈተ። ከጩኸቱ በፊት ግን የበቅሎዋ ሽታ ገባበት።

«ጥቂት ልቅመስና እጮሃለሁ» አለ። ቀመሰ።

«ጎኗን ልጨርስና እጮሃለሁ» አለ። ጎኗን ጨረሰ።

ቀና ሲል የቀረው ሰኮናዋ ብቻ ነበር። «አሁን ለሰኮና ደግሞ ይጮሃል?» አለና እሱንም ቆረጣጠመው።

ማታ ጅቦቹ ሲሰበሰቡ መሪያቸው እማማ ቡሬ ወደ እሱ ቀረበችና አፉን አሸተተች። እማማ ቡሬ ያረጀች ጅብ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አፍንጫዋ ግን አልደከመም።

«በቅሎ» አለች። «ጩኸትህን ግን የሰማሁ አይመስለኝም።»

«ጉሮሮዬን ብርድ ይዞኝ ነበር፣ እማማ» አለ አያ ጅቦ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ሰኮና ያወረደውን ጉሮሮ?»

ማንም አልሳቀም። ከመካከላቸው ወተቷ የደረቀባት እናት ነበረች፤ ሁለት ልጆቿ እግሯ ሥር ተኝተው ባዶ ጡት ይጎትቱ ነበር። እማማ ቡሬ እነሱን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችና ፈረደች።

«አይነከስም፤ አይባረርም። የፈለገበት ይኑር። ሲጮህ ግን ማንም እንዳይመልስለት። ጩኸቱን ከእኛ ደብቋል፣ እኛም የእኛን እንደብቀዋለን።»

አያ ጅቦ በልቡ ሳቀ። «ይሄ ነው ቅጣቱ?» አለ። «እኔ ደግሞ ጆሮዬን የሚቆርጡኝ መስሎኝ!»

ሳቁ እስከ ማግስቱ ምሽት ብቻ ቆየ። ምሽት ላይ ጅብ የሚጮኸው ለሥጋ ብቻ አይደለም። አንዱ «አለሁ» ይላል፣ ሌላው ከማዶ «እኔም አለሁ» ይላል፣ በዚህ ሁኔታ ጫካው በሙሉ ተጠራርቶ ይመሻል። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ጮኸ። ዝም። ምናልባት አልሰሙ ይሆናል ብሎ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ጮኸ። የሌሎቹ ጩኸት እሱ ሲጀምር ይቆማል፤ እሱ ሲያቆም ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሆዱ ባዶ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ባዶ ሆነበት። ምን እንደሆነ ስላላወቀ ሄዶ አጥንት ቆረጠመ። አልለቀቀውም።

እንዲህ ብዙ ምሽት አለፈ። አንድ ቀን ሊመሻሽ ሲል ሳያስበው ርቆ ሄዶ ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ደረሰ። እዚያ ቆሞ ጮኸ።

«አውውው!»

«አውውው!» አለ ከገደሉ ውስጥ የሆነ ድምፅ።

አያ ጅቦ ጆሮውን ማመን አቃተው። እኔና እናንተ ይህን የገደል ማሚቶ እንለዋለን፤ እሱ ግን ከጅቦቹ መካከል አንዱ ራርቶ የመለሰለት መሰለው። ከደስታው ብዛት እየተንሸራተተ፣ እየተገለበጠ፣ እሾህ እየወጋው ወረደ። ከታች ማንም አልነበረም። ዋሻ አለ፤ ከዋሻው አፍ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበት ድንጋይ አለ፤ በቃ።

«ዓይናፋር ነው ማለት ነው» አለ አያ ጅቦ። «እስኪለምደኝ እጠብቀዋለሁ።»

እዚያው ዋሻ ውስጥ ገብቶ መኖር ጀመረ። ምሽት ምሽት ይጮሃል፣ ዓይናፋሩ ይመልስለታል። «ና ውጣ» ሲለው «ና ውጣ» ይላል። «አንተ ና» ሲለው «አንተ ና» ይላል። አንድ ምሽት ተናደደና ሰደበው፤ የሰደበው ስድብ ቃል ሳይጎድልበት ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ እንኳ ገባው። ገደሉ ያልሰጡትን የማይመልስ ባዶ ገደል ነበር። ከሰማው ዝምታ ሁሉ ይሄኛው ከበደው፤ ተኝቶም እንደ ቡችላ አለቀሰ።

ሲነጋ ዓይኑን ሲከፍት ከፊቱ አንዲት ተክል አየ። ሁልጊዜም እዚያው ነበረች፤ የማትበላ ስለመሰለችው ልብ አላላትም ነበር።

ይህች ተክል ቤጎንያ ነች። ሰዎች በአሮጌ ቆርቆሮ ተክለው በረንዳ ላይ የሚደረድሯት ቤጎንያ ዘመዷ ናት፤ ይህችኛዋ ግን ሰው አይቷት የማያውቅ የዱር ናት። ግንዷ እንደ ሌላው ተክል ቀጥ ብሎ አልቆመም። እንደ ደከመው መንገደኛ ድንጋዩ ላይ ጋደም ብሏል፤ ጋደም እንዳለም በቀስታ ይሄዳል፤ ሥሮቹንም ድንጋዩን በለበሰው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበትና በስሱ በተኛው የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ብቻ ያስገባል። ውሃው ከላይ ይንጠባጠብባታል እንጂ ሥሯ አይጠራቀምም። ከበላይዋ አንድ አሮጌ ዝግባ ስለነበር ብርሃን የሚደርሳት ተጣርቶ ተጣርቶ ነው። ቅጠሎቿ ከታች ቀላ ይላሉ፤ የእያንዳንዱ ቅጠል አንዱ ጎን ሰፊ፣ ሌላው ጎን ጠባብ ነው።

አያ ጅቦ መጀመሪያ ያደረገውን መገመት አያቅታችሁም። ቀመሳት። እንደ ሎሚ ጎመዘዘችውና ተፋት።

«ይቅርታ» አለ። የነከሰውን ነገር ይቅርታ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ከላይ የወረደ የውሃ ጠብታ ቅጠሏን ነካና ነቅነቅ አደረጋት። አያ ጅቦ ቀረብ ብሎ ተመለከታት። አንዱ ጎኗ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ዞሮ ራሱን አየ፤ የፊት እግሩ ረጅም፣ የኋላው አጭር።

«አንቺም እንደኔ ነሻ!» አለ። ደግሞም ቅጠሏ ልክ ወደ እሱ የዞረ ጆሮ ይመስላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያወራላት ጀመር። ስለ በቅሎዋ ነገራት፤ ስለዚያች ወተቷ ስለ ደረቀባት እናት ነገራት። ለማንም ነግሮ የማያውቀውን፣ ሰኮናውን ሲቆረጥም አንድ ጊዜ ቆም ብሎ የእናቲቱን ልጆች አስቦ እንደነበርና እንደገና መቆርጠሙን እንደቀጠለ ለእሷ ነገራት። እሷ አትመልስም። ግን አትሸሽም፤ እሱ ሲናገርም ሌላ ጩኸት አትጀምርም። በዚህ ዓለም ላይ አያ ጅቦን ሲያይ የማይሮጥ ፍጥረት እሷ ብቻ ነበረች። እግር ስለሌላት ነው ትሉ ይሆናል። እሱ ግን ይህን አላሰበም።

በጋው ሊያበቃ ሲል አንድ ከሰዓት ብርቱ ነፋስ ተነሣ። አሮጌው ዝግባ ከሥሩ ተነቅሎ በታላቅ ድምፅ ወደቀ። አያ ጅቦ ከዋሻው ሲወጣ ዓይኑን መክፈት አቃተው፤ ዝግባው በነበረበት ቦታ ሰማይ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት ፀሐይዋ ድንጋዩ ላይ ትወርድ ጀመር። የቤጎንያዋ ቅጠሎች ጠርዛቸው ቡናማ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ብራና ደርቀው ተጠቀለሉ። አንዱ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላው ወደቀ። አያ ጅቦ የወደቁትን እየሰበሰበ ከሥሯ ያስቀምጣል፤ መልሳ የምትለብሳቸው መስሎት ነው።

«እንዳትሞቺብኝ» አላት። «እባክሽ፣ ከአንቺ ሌላ ማንም የለኝም።»

ይህን ስትሰማ የነበረች አንዲት ፍጥረት ነበረች። እመት ቀበሮ ናት። እመት ቀበሮ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ጉድጓዷ በፀሐይ ግሎ ምድጃ ሆኖባታል፤ ይህን ቀዝቃዛ ዋሻ ካየችው ቆይታለች። አያ ጅቦ ደግሞ ከዋሻው የማይነሣው በዚህች ቅጠል ምክንያት መሆኑን ተረድታለች።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች፣ ያዘነች መስላ ቀረብ ብላ።

«ታመመችብኝ እመት ቀበሮ። ምን ላድርጋት?»

እመት ቀበሮ ተክሏን ዞር ዞር ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ርቧት ነዋ! ድንጋይ ላይ አስተኝተሃት ምን ትብላ? ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍርላት። ጥቁር አፈርና ፍግ ሙላበት። ይሄን ከላይ የተጋደመውን ግንዷን እስከ አንገቷ ቅበረው፤ ከዚያ ውሃ ነው፣ ውሃ ብቻ! ሰዎች ጎመናቸውን የሚያሳድጉት እንዲህ ነው።»

ራብ የሚለው ቃል አያ ጅቦ በሕይወቱ ከሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው ቃል ነው። ወዲያው አመነ። በሁለት እግሩ ቆፈረ፤ ፍግ ፍለጋ ሜዳው ድረስ ሄደ፤ እሷን ከድንጋዩ ላይ በጥርሱ ጫፍ ቀስ አድርጎ አነሣና ቀበራት። ውሃ የሚያመላልሰው በአፉ ነበር። ጥማት እያቃጠለው አንድ ጉንጭ እንኳ ሳይውጥ እያመጣ ያፈስላታል። ጉድጓዱ ረግረግ ሆነ። «ብዪ» ይላታል፤ «ጠጪ» ይላታል።

ጥቂት ቀናት ሳይቆይ አያ ጅቦ ተኝቶ ሳለ አፍንጫው ቀሰቀሰው። ደስ የሚል ሽታ ነበር። እናንተ ስለ ሽቶ የምታውቁትን ያህል ጅብ ስለ ብስባሽ ያውቃል፤ የሚበሰብስ ነገር ገና ሲጀምር ከሩቅ ይለየዋል። ምራቁ ሞላ፤ ለሐጩ ወረደ፤ ምላሱን እያዞረ ሽታውን ተከትሎ ሄደ። አፍንጫው ያደረሰው ከቤጎንያዋ ጉድጓድ ነበር።

አያ ጅቦ እዚያ ደርሶ ቆመ። ምራቁ መውረዱን አላቆመም፤ ዕንባውም ተጨመረበት። በዚህ ዓለም ላይ የቀረችው አንዲት ወዳጁ እየበሰበሰች፣ የእሱ አፍ ደግሞ ለሽታዋ ውሃ ይሞላል። እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

«አውጥቼሽ ነው የምሞተው» አለና ቆፈረ። ግንዷ አብዛኛው ለስልሶ ጠቁሯል። አፍንጫውን አስጠግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተታት፤ የሸተተውን በጥርሱ ቆርጦ ጣለው። አልዋጠውም። ጤነኛ ሆና የቀረችው የጣት ያህል ቁራጭና አንድ ቅጠል ብቻ ነበረች። ወስዶ ድሮ ከነበረችበት ድንጋይ ላይ፣ ከእርጥቡ ሽበት መካከል፣ አፈር ሳያለብሳት አጋደማት።

ሲነጋ ፀሐይዋ መጣች። አያ ጅቦ ድካም ጥሎት ከተክሏ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሲነቃ ያቺ አንድ ቅጠል ግማሿ ጠውልጓል፤ ግማሿ ደግሞ ልክ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየ። ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ ጨለማ ነገር አብሮት ፈቀቅ አለ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ፤ አሁንም አብሮት ሄደ። አረንጓዴው ያ ጨለማ ያረፈበት በኩል ነው።

«ይሄ የእኔ ነው እንዴ?» አለ፣ ጥላውን እየረገጠ።

አዎ፣ የእሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ጅቦ ዛፍ ሆነ። ፀሐይ ከገደሉ በላይ ብቅ ስትል በአንድ በኩል ይቆማል፤ ስትዞር አብሮ ይዞራል፤ ከማዶው ጫፍ ስትደበቅ ይቀመጣል። ጦጣዎች ከላይ ሆነው ተሳሳቁበት። «አያ ጅቦ፣ ፍሬህ መቼ ይደርሳል?» አሉት። አንዷማ የበላችውን ልጣጭ ጀርባው ላይ ጣለችበት። አልተንቀሳቀሰም፤ ቢንቀሳቀስ ጥላው አብሮት ይሄዳላ።

ቀን ሲቆም ውሎ ማታ ለአደን የሚሆን ጉልበት አጣ። ከሳ። አጥንቱ ወጣ። ሰውነቱ ሲሳሳ ጥላውም አብሮ ሳሳ፤ ድሮ ድንጋዩን በሙሉ ይሸፍን የነበረው አሁን አንዲቷን ቅጠል እንኳ ለመሸፈን ይቸገራል። እሱም ጀርባውን ገትሮ፣ ጸጉሩን አቁሞ፣ አንገቱን ዘርግቶ ሰፋ ለማለት ይሞክራል። የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይዞህ የሚለው አለመኖሩ ነው። ምሽት ምሽት ይጮሃል፤ ገደሉ የእሱኑ ይመልስለታል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

እመት ቀበሮ ይህን ሁሉ እያየች ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ እየሮጠች መጣች።

«አያ ጅቦ! ከመንገዱ ዳር በቅሎ ወድቃለች! ወፍራም ናት። አሞራ እንኳ አላያትም።»

በዚህ ጊዜ እመት ቀበሮ አልዋሸችም፤ በቅሎዋ በእርግጥ ነበረች። ብልጥ ማለት እውነቱን መቼ እንደሚናገር የሚያውቅ ነውና።

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «ፀሐይዋ እስክትዞር ልጠብቅ» አለ።

«እስከዚያ አሞራ ይጨርሳታል። አሁን ሂድ። ሳትጮህ ብላት።»

«ሳልጮህ?»

«ምን ቀረህ ብለህ ነው? ከእንግዲህ ምን ያደርጉሃል? አይጠሩህ፣ አይመልሱልህ። የሚቀጡህ ነገር ካለቀ ቆየ እኮ!»

አያ ጅቦ አሰበበት። ማሰብ ያልለመደ ጭንቅላት ሲያስብ ያማል፤ አመመው። ነገሩ ትክክል ይመስል ነበር። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል ዞር ብሎ አየ፤ ፀሐይዋ ቅጠሏ ላይ አርፋለች፤ ጠርዟ ሲኮማተር ታየው። ተመልሶ ቆመ።

«እኔ ጥላ ልሁንላት፣ አንተ ሂድ» አለች እመት ቀበሮ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አያ ጅቦ ሞኝ ነው፤ አፍንጫው ግን የሸተተውን አይረሳም። «አንቺ የምታውቂው ጎመን ነው» አላት።

ቆመ። በቅሎዋ በሐሳቡ መጣችበት፤ ጎኗ፣ ጭኗ፣ ሰኮናዋ ሳይቀር። ከዚያ ሳይታሰብ ያቺ እናትና ሁለቱ ልጆቿ መጡበት። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። የሚጠይቀውም የለም። ያን ጊዜ በዚያ ማለዳ የዋጠው ጩኸት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅሮ የቆየው፣ ድንገት ወጣ።

ኮረብታው እስኪያስተጋባ ጮኸ። የ«አለሁ» ጩኸት አልነበረም። የሥጋ ጩኸት ነበር፤ ሕጉ የሚያዘው፣ ለሁሉም የሚጮኸው። አፍንጫውንም ወደ መንገዱ አቅጣጫ ቀስሮ ደጋገመው።

ማንም አልመለሰለትም። ፍርዱ ፍርድ ነው።

«ምን ነካህ?» አለች እመት ቀበሮ። «አንተ ሳትቀምሳት?»

«እኔማ ሥራ ላይ ነኝ» አለ አያ ጅቦ።

እመት ቀበሮ ጆሮዋን ቀሰረች። ከሩቅ የብዙ ጅቦች ኮቴ ወደ መንገዱ ሲሮጥ ሲሰማት ልጆቿን ይዛ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄደች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጠጠር ተንከባለለ። እማማ ቡሬ እየተንፏቀቀች ወረደች። አፏ ውስጥ የበቅሎ እግር ይዛለች። ከፊቱ አስቀመጠችው።

«ጩኸትህን ሰምተን ወጥመድ መስሎን ነበር» አለች። «ሄድን። በቅሎዋ ላይ የጥርስህ ምልክት የለም። ሁለት ጊዜ ዞሬ አሸተትኳት።»

«አልሄድኩም እማማ።»

«ለምን?»

አያ ጅቦ ወደ ድንጋዩ አመለከተ። እማማ ቡሬ በደከመ ዓይኗ ለማየት ሞከረች፤ ከዚያ አሸተተች።

«ቅጠል ነው።»

«አዎ።»

«ይበላል?»

«ይጎመዝዛል።»

«ታዲያ ምንህ ነው?»

«ፀሐይ ስትነካት ትሞትብኛለች» አለ አያ ጅቦ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። «የዚያች እናት ልጆች… አደጉ?»

እማማ ቡሬ ወደ አፋፉ ዞረች። «አንደኛው አድጓል» አለች።

ይቅር ብለንሃል አላለችውም። በመጣችበት ተንፏቅቃ ወጣች። አያ ጅቦ ጨለማው እስኪውጣት አያት፤ ከዚያ የበቅሎዋን እግር በላ። ሰኮናው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ምሽት ሰኮናው ሳይበላ አደረ።

ክረምት ገባ። ደመናው ፀሐይዋን ከለላት፤ በወደቀው ዝግባ ላይ ሐረጎች ወጡበትና ከድንጋዩ በላይ እንደ ዳስ ተዘረጉ። ከዚያች የጣት ያህል ቁራጭ አንዲት ጥምዝ ቅጠል ብቅ አለች። ቆይቶም አያ ጅቦ ከሥሯ ሰብስቧቸው ከነበሩት ቅጠሎች መካከል አንዱ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያላደረቀው፣ ከእርጥቡ ሽበት ላይ እንደተኛ ሥር አውጥቶ ትንሽዬ ቤጎንያ ወለደ። አያ ጅቦ እንደ ልማዱ በማለዳ ተነሥቶ ይቆማል። አንድ ቀን ጥላው የሚያርፍበት አጣ፤ ሐረጎቹ ቀድመውታል። ከእንግዲህ እሱ አያስፈልጋትም ነበር። ደስ አለው፤ ደግሞም ከመቼውም በላይ ብቻውን የሆነ መሰለው። መቆሙን ትቶ ከጎኗ ተኛ።

ሲመሻሽ ዝናቡ አባራ። አያ ጅቦ እንደ ሁልጊዜው ወደ ዋሻው አፍ ወጣና ረጅም፣ ቀጭን ጩኸት ጮኸ። ገደሉም ረጅም፣ ቀጭን ጩኸት መለሰ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። አያ ጅቦ ራሱን ደፍቶ ሊገባ ዞረ።

ያኔ ከገደሉ አፋፍ፣ ገና ያልጠነከረ የጎረምሳ ጅብ ጉሮሮ፣ አጠር ያለና ጎርነን ያለ ጩኸት አሰማ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከኮረብታው ማዶም ሌላ ተከተለ።

አያ ጅቦ ባለበት ደርቆ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ቤጎንያዋ ዞረ።

«እኔ እንዲህ አልጮህኩም» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ብቻውን የቀረ ሰው ለራሱ የደበቀውን አውጥቶ ለሌላው ጥላ ሆኖ ሲቆም ያን ጊዜ ከራሱ ድምፅ ሌላ የሚመልስለት እንደሚያገኝ ነው።